ደንቆሮው ኮረብታ የሰማው

የዶን ኤቫሪስቶ ሱኒጋ አስከሬን የተገኘው፣ ግማሽ ዕድሜውን ሲጠብቃት በኖረባት ትንሽ የጡብ ቤት ውስጥ፣ በፈረሰ ግድግዳ ሥር ነው። ቤቲቱ ከሳን ኢላሪዮ ከተማ በላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆማለች። የአገሩ ሰው ኮረብታውን «ደንቆሮው» ይለዋል፤ ከታች ሆኖ የሚጣራን ሰው ድምፅ ነፋሱ ወደ ባሕር ስለሚወስደው፣ ከላይ ያለው ምንም አይሰማም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሲሟሟቅ፣ መሬት ተንቀጠቀጠ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይነካ ደወለ፤ የዓሣ መሸጫ ጠረጴዛዎች ተገለባበጡ፤ አንዳንድ አሮጌ ጣሪያም ወረደ። ከዶን ኤቫሪስቶ በቀር ግን የሞተ ሰው አልነበረም። የከተማው ዳኛ እያለከለከ ኮረብታውን ወጥቶ ግድግዳውንና ሬሳውን አየና፣ «የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋ» ብሎ ፈረመ። ቀብሩም ለማግስቱ ተቆረጠ።

ቀብሩን ያስቆመችው የሟቹ ልጅ ኦቲሊያ ናት። ወደብ ዳር ምግብ ቤት ያላት፣ ባሏ በሥራ ምክንያት አገር ለአገር የሚዞርባት፣ ጠንካራ ሴት ናት። በክፍለ ግዛቱ መቀመጫ በቺልፓንሲንጎ ወዳለው ዐቃቤ ሕግ ደውላ፣ መርማሪ እስኪላክላት ድረስ ስልኩን አልዘጋም አለች። ረቡዕ ጠዋት ኮማንደር ኤርሚንያ ሳልጋዶ ከመኪና ወረደች።

ኤርሚንያ ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ አጠር ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ስትጠይቅ አትቸኩልም። አንድ ነገር ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ዝምታው ሲከብደው ሰውዬው ራሱ ይሞላዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር ለእሷ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። ልጅ ሳለች እናቷ በዋና ከተማው በሜክሲኮ ሲቲ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተደርምሶባት ሞታለች። ያኔ የሚያስጠነቅቅ አንድም ነገር አልነበረም።

ኮረብታውን እያረፈች ወጣች። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሶላርና አንቴና ተተክሏል። ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የሲሚንቶው ወለል መሐል ላይ ግን ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ከአለቱ ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ተቀምጧል። የምድርን ንዝረት የሚሰማው መሣሪያ እሱ ነው። ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ ወደ ውስጥ ተንዶ ጡቡና ልስኑ ወለሉን ሸፍኖታል።

አስከሬኑ ወደ ክሊኒክ ተወስዷል። ኤርሚንያ እያቃሰተች ተንበረከከችና፣ ከመሣሪያው አጠገብ ያለውን የልስን አቧራ በእጇ ጠረገችው። ከአቧራው በታች ጥቁር የደም ነጠብጣብ ታየ። እንደገና ሌላ ቦታ ጠረገች፤ እዚያም ደሙ ከታች፣ አቧራው ከላይ ነው። ግድግዳው የፈነከተው ሰው ቢሆን ደሙ ከአቧራው ጋር በተላቆጠ ነበር። ይህ ደም ግን የፈሰሰው ወለሉ ንጹሕ ሳለ ነው።

ክሊኒክ ስትደርስ ሐኪሙ እንደ እሷው ጥርጣሬ ይዞ ጠበቃት። ሟቹ ማጅራቱ ላይ ጠባብና ረጅም ቁስል እንዳለው፣ ቁስሉም እንደ ፌሮ ባለ ብረት የተመታ እንደሚመስል ነገራት።

«የገደለው እሱ ነው?» አለችው።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «የገደለው ግድግዳው ነው። ጉሮሮው ውስጥ አቧራ አለ። ግድግዳው ሲወድቅበት ይተነፍስ ነበር።»

ይህን ለማንም እንዳይናገር ለመነችው።

ኦቲሊያ ለመርማሪዋ የነገረቻት ነገር አጭር ነበር። አባቷ እሑድ ማታ ምግብ አልበላም። ምን ሆንክ ስትለው፣ በዚህ ወቅት የኮረብታው ጣቢያ ሁለት ጊዜ ድምፁ እንደጠፋ፣ ብልሽት ነው ሲባል እንደቆየ፣ እሱ ግን ሽቦው በሰው እጅ መቆረጡን እንደደረሰበት ነገራት።

«‹ሐሙስ በጋራ መሬት ማኅበሩ ስብሰባ አንድ ሰው ተነስቶ ይናገራል› አለኝ። ‹እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› አለ። ማነው ብዬ ለመንኩት። ‹ከራሱ አፍ ስሚው፤ ይህን ያህል ክብር ይገባዋል› ብሎ ዝም አለኝ።»

«ማንን ጠረጠርሽ?»

«ማንንም። አባቴን የሚጠላ ሰው አላውቅም። የሚቀልዱበት ግን ብዙ ናቸው።»

ቀልዱን ኤርሚንያ ገበያ ውስጥ ስታልፍ ሰማችው። የኮረብታው መሣሪያ ምድር ስትነቃነቅ ወሬውን ወደ ዋና ከተማው ያደርሳል፤ የሳን ኢላሪዮ ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ ያገኙት አንድ የማዘጋጃ ቤት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ስለ ማክሰኞው ስትጠይቃቸው ዓሣ ሻጮቹ እየተቀባበሉ ነገሯት፤ መጀመሪያ ከሥር እንደ በሬ ረገጣቸው፤ ወዲያው ያወዛውዛቸው ጀመር፤ ማጉያው የጮኸው እነሱ መሬት ላይ ከተዘረሩ በኋላ ነው። አንዷ ሽማግሌ «የኛው ማጉያ ከተገረፈ በኋላ የሚያለቅስ ልጅ ነው» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ሟቹ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ።

እኩለ ቀን ላይ ከዋና ከተማው የሚመጣው አውቶቡስ ደረሰ። ከእሱ የወረደው ዶን ፊደንሲዮ አርሳቴ ሻንጣውን መንገድ ላይ ጥሎ ወደ ኦቲሊያ ሮጠ። የጋራ መሬት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የኤቫሪስቶ አበልጅ፣ የኦቲሊያ የክርስትና አባት ነው። ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ እያየው አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ዋና ከተማ ወዳለው የልጁ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ነበር። የሞቱን መርዶ በስልክ የነገረችው ራሷ ኦቲሊያ ናት። እስከዚያች ሰዓት አንድ እንባ ያላፈሰሰችው ሴት፣ በእሱ ትከሻ ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እሱም አብሯት አለቀሰ። ኤርሚንያ ዞር ብላ ተወቻቸው።

በኋላ፣ ከምግብ ቤቱ ጥግ ዓሣ ሾርባ ቀርቦለት ተቀምጦ ሳለ፣ መርማሪዋ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊደንሲዮ ትሁት ሰው ነው። በዚህ ሙቀት አስከሬን ማቆየት ለቤተሰቡ እንደሚከብድ በለሆሳስ ነገራት፤ ግድ የሰው እጅ አለበት ከተባለም ቼላዎ የሚሉትን ዓሣ አጥማጅ እንድትጠይቅ መከራት። አምና የጣቢያውን ባትሪ የሰረቀ እሱ ነው።

«እርስዎስ ማክሰኞ እንዴት አለፈ? ዋና ከተማው ውስጥ ከበድ ብሎ ነበር ይላሉ» አለችው፣ ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ እየቆረሰች፣ እንዲያው ጨዋታ ለማምጣት ያህል።

«አይጣል ነው ኮማንደር። የልጄ ቤት ሆኜ ጢሜን እየላጨሁ ነበር። በድንገት ከታች ረገጠኝ። መስታወቱ ወደቀ። ግማሽ ጢሜን እንደተላጨሁ በሩን በርግጄ ወጣሁ። እዚያ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ነው ያ ድምፅ ማጉያ ማላዘን የጀመረው። ምን ይጠቅማል? አበልጄ ዕድሜውን የፈጀው ለዚህ ነው።»

«ልጅዎ አብሮዎት ነበር?»

«እሱማ ለሥራ ሰሜን ሄዷል። ቁልፉን ለእኔ ትቶልኝ ነው።»

ኦቲሊያ ሾርባውን ልትጨምርለት መጥታ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። የክርስትና አባቷን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ተመለሰች። ኤርሚንያ ቶርቲያዋን አኘከች፤ ተጨማሪ አልጠየቀችም።

ቼላዎን ያገኘችው መረቡን ሲጠግን ነው። ባትሪ ሰርቀሃል ስትለው ቀና ብሎ አያት።

«ሰርቄያለሁ። ዶን ኤቫሪስቶ ራሱ መጥቶ ከጀልባዬ ላይ ፈታው። ‹ይሄ ባትሪ ከጠፋ ዋና ከተማው ውስጥ ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት ናቸው የሚያልቁት፤ መብራት ከፈለግህ ጠይቀኝ› አለኝ። በሳምንቱ ሌላ አሮጌ ባትሪ ተሸክሞ አመጣልኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ገደልክ የሚሉኝ?»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ባሕር ላይ፣ ብቻዬን። ጀልባዬ ድንጋይ ላይ የወጣች መስሎኝ ዘለልኩ። ከሥሬ ያለው ግን ጥልቅ ውኃ ነው፤ ድንጋይ የለም። ቀና ስል ከከተማው አቧራ ተነስቷል። ያኔ ገባኝ።»

ኤርሚንያ አመነችው። እንዲህ ያለውን ነገር ባሕር ላይ ያልነበረ ሰው አይፈጥረውም።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያዎቹን የሚቆጣጠረው ኢንጂነር ባልታሳር ኦሶርኖ ከዋና ከተማው መጣ። ዓይኑ እረፍት የለውም። ኮረብታው ላይ አስቀምጣ ዝም ስትለው፣ ብዙም ሳይቆይ የሆዱን አወጣው። የጣቢያውን ሁለት ጊዜ መጥፋት ለአለቆቹ ሳይነግር ደብቋል። ቢነግራቸው መሣሪያውን ነቅለው ወደ ሌላ መንደር ይወስዱታል፤ ኤቫሪስቶም ያለ ሥራ ይቀራል ብሎ ፈርቶ ነው። ይህን ለሽማግሌው ነግሮት ነበር፤ ለማኅበሩ ሊቀ መንበርም እንዲሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ ማትረፍ አልችልም ብሎ።

«እስቲ ማክሰኞ ጠዋት መሣሪያህ የሰማውን አሳየኝ» አለችው።

ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ ጥርስ ያወጣል።

«ይሄ ጥርስ ጥርሱ ምንድን ነው?»

«የእግር ኮቴ ነው። ወለሉን የረገጠ ሁሉ ይሰማል።»

«የስንት ሰው?»

«የሁለት። ይሄኛው ዶን ኤቫሪስቶ ነው፤ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር፣ አየሽ... ይቅርታ፣ አዩ፣ አንዱ ምት ሁልጊዜ ረዘም ይላል።» ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ሄደና ከአንድ ከፍ ያለ ሹል ላይ ቆመ። «ይሄ ደግሞ... ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ወድቋል። ከመሣሪያው አጠገብ።»

«ቀጥል።»

«ከዚህ በኋላ የሚራመደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል። እግር የሚጎትተው የለም።» ድምፁ ቀነሰ። «መንቀጥቀጡ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ።»

ቆርቆሮውን ነፋስ ያንኳኳዋል።

«ሽማግሌው ሲወድቅ ዋና ከተማው ውስጥ ማንቂያው ለምን አልጮኸም?» አለችው በመጨረሻ።

«አንድ መሣሪያ ብቻውን አይታመንም። የጭነት መኪና ቢያልፍ፣ ድንጋይ ቢወድቅ፣ ሚሊዮን ሕዝብ ከአልጋው አይነሳም። ሁለተኛው ጎረቤት ጣቢያ ‹እኔም ሰማሁ› ማለት አለበት። ማክሰኞ ሁሉም ሰሙ። ከሁሉ ቀድሞ የሰማው ግን ይሄ ነው።»

ከዚያ ሥራውን ለልጅ እንደሚያስረዱት አድርጎ አስረዳት። ምድር ስትሰበር ከአንድ ቤት ሁለት ሯጮች ይወጣሉ። አንዱ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ከሥር ነካ አድርጎ ያልፋል። ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው። የሬዲዮ ወሬ ደግሞ ሁለቱንም ይቀድማል። ዋና ከተማው ሩቅ ስለሆነ፣ ከባዱ ሯጭ ተራራውን አቋርጦ እስኪደርስ ሰው ከፎቅ ወርዶ ደጅ ለመቆም ከደቂቃ በላይ ጊዜ ያገኛል። ሳን ኢላሪዮ ግን ከሯጮቹ ቤት ደጃፍ ላይ ናት፤ ወሬው መንገድ ሳይጀምር ዱላው ያርፍባታል። ኤቫሪስቶ ይህን ያውቅ ነበር። ለእሱም ለልጁም የማይጠቅም ነገር እንደሚጠብቅ እያወቀ ጠበቀው።

ኤርሚንያ እናቷን አሰበች። ስልኳን አውጥታ ዋና ከተማ ያለ ባልደረባዋን፣ የፊደንሲዮ ልጅ ወዳለበት ሕንፃ ሄዶ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅላት ለመነችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ አባላት በዘንባባ ጣሪያ የተሸፈነው መሰብሰቢያ ሥር ተሰበሰቡ። ዳኛው ከፖሊሶች ጋር መጣ፤ ቼላዎ ከኋላ ቆመ፤ ኢንጂነሩ ላፕቶፑን አቅፎ ተቀመጠ። ኦቲሊያ ጥቁር ለብሳ ከፊት ነበረች። ፊደንሲዮ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ስብሰባውን ከፈተና፣ ለአበልጁ ነፍስ ጸሎት እንዲደረግ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ጸሎቱ ሲያበቃ ኤርሚንያ ሳትቀመጥ ቀረች።

«ዛሬ እዚህ አንድ ሰው ሊናገር ቀጠሮ ነበረው» አለች። «እሱ ካልተናገረ ዶን ኤቫሪስቶ ሊናገር ነበር። ስለዚህ በዶን ኤቫሪስቶ ፈንታ እኔ እናገራለሁ።»

ስለ ደሙና ስለ አቧራው ነገረቻቸው። ማጅራቱ ላይ ስላለው የብረት ምት ነገረቻቸው። ኢንጂነሩን አስነስታ ላፕቶፑን ለዳኛው እንዲያሳየው አደረገች። የሁለቱን ሰዎች ኮቴ፣ የወደቀውን ነገር፣ ብቻውን የቀረውን ኮቴ ኢንጂነሩ እየጠቆመ አስረዳ። ከሕዝቡ መሐል ማጉረምረም ተሰማ፤ ብዙ ዓይን ወደ ቼላዎ ዞረ።

«ወደ እሱ አትዩ» አለች ኤርሚንያ። «ኮረብታው ላይ የነበረው ሰው መሬት ሲንቀጠቀጥም እዚያው ነበር። እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት፤ ማክሰኞ እንዴት አለፈ? ኦቲሊያ፣ የክርስትና አባትሽ የነገሩኝን አብረሽ ሰምተሻል። ለሰዉ ንገሪልኝ።»

የኦቲሊያ ፊት በቁጣ ተለወጠ። ጥያቄው የክርስትና አባቷን የሚነካ ሆኖባታል። ተነስታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«እሳቸውን ምን ያገባቸዋል? ዋና ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ነበሩ። ጢማቸውን እየተላጩ ነበር። በድንገት ከታች ረገጣቸው፤ መስታወቱ ወደቀ፤ ሮጠው ወጡ። ደጅ ቆመው ሳለ ድምፅ ማጉያው...»

ቆመች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«ጨርሺው» አለቻት ኤርሚንያ ቀስ ብላ።

ኦቲሊያ የኤቫሪስቶ ልጅ ናት። የሁለቱን ሯጮች ነገር ከአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነው የተማረችው። ትናንት ይህንኑ ነገር ሰምታ ሾርባ ጨምራለት የሄደችው ኀዘኑ ጆሮዋን ደፍኖት ነው። አሁን በራሷ አፍ ስትናገረው ሰማችው።

«ዋና ከተማው ውስጥ ማጉያው ነው የሚቀድመው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «አባቴ የኖረው ለዚያ ነው። መጀመሪያ ማጉያው ይጮኻል፤ ሰው ይወጣል፤ ከዚያ ነው የሚመጣው። መጥቶም አይረግጥም፤ እዚያ እንደ ጀልባ ነው የሚያወዛውዘው። ከታች የሚረግጠው... ከታች የሚረግጠው እኛን ነው።»

ብዙ ዓይን ከቼላዎ ወደ ፊደንሲዮ ዞረ።

«ዶን ፊደንሲዮ ዕድሜያቸውን በሙሉ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚያውቁት ከዚህ ሆነው ነው» አለች ኤርሚንያ። «ዋና ከተማ ሆነው አንድም ጊዜ አልደረሰባቸውም። ስለዚህ ውሸት ሲያስፈልጋቸው፣ ቦታውን ብቻ ቀይረው የደረሰባቸውን እንዳለ ነገሩኝ። አበልጃቸው ሥራውን ስንት ጊዜ አስረድቷቸዋል፤ ቢሰሙት ኖሮ እንዲህ ባላሉኝ ነበር። የልጃቸው ሕንፃ ውስጥ ማንቂያው ሲጮኽ ሰዉን የምታስወጣ አንዲት ሴት አለች። በየበሩ እየሄደች ታንኳኳለች። የእሳቸው ልጅ በር ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ከውስጥ የሚላጭ ሰው ራሱን ከውጭ አይቆልፍም። ማክሰኞ እርስዎ ዋና ከተማ አልነበሩም፣ ዶን ፊደንሲዮ። ሰኞ ከመንገድ ወርደው ተመልሰዋል፤ ትናንትም አውቶቡሱን ከመንገድ ላይ ተሳፍረው ነው የመጡት።»

ፊደንሲዮ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ሊክድ ይችል ነበር፤ ዳኛው ወዳጁ ነው፣ ከሕዝቡም ብዙው ባለውለታው ነው። ግን ኦቲሊያ እያየችው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ሳይነቅል እሷን ብቻ አየ። ከዚያ ተቀመጠ።

ነገሩን የተናገረው ለእሷ ብቻ ይመስል ነበር። ኮረብታውን ሆቴል ለሚሠሩ ሰዎች ሊሰጥ ቃል ገብቷል፤ በደጁ የቆመው አዲሱ ፒካፕ ከእነሱ የመጣ ነው። ማኅበሩ ግን ጣቢያው እዚያ እስካለ ኮረብታውን አይለቅም። መሣሪያው ከጠፋ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ነቅለው ይሄዳሉ፣ ማንም አይጎዳም ብሎ አሰበ። የሚጮኸው ከተመታን በኋላ ነው፤ ለማን ይጠቅማል ብሎ። ሁለት ጊዜ ሽቦውን ቆረጠ። በሁለተኛው ኤቫሪስቶ ሲወርድ አየው። አልጮኸበትም። ሐሙስ አንተው ራስህ ተናገር፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ አለው።

«ሰው ፊት ቆሜ ሌባ ነኝ ልል?» አለ ፊደንሲዮ። «ማክሰኞ የወጣሁት ለመጨረሻ ጊዜ ልቆርጠው ነበር። ዋና ከተማ ነው ያለሁት፤ ማን በእኔ ያመካኛል ብዬ። እሱ ግን ቀድሞኝ እዚያ ተቀምጧል። ሽቦው ላይ እጄን ሳሳርፍ መሐል ገባ። ፌሮው እዚያ ነበር። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።»

ኢንጂነሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ተናገረ። ሽቦው ያን ጠዋት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ከባሕሩ ዳር የመጀመሪያው ወሬ ባልተላከ ነበር፤ ዋና ከተማው ውስጥ ትምህርት ቤቶች ግቢያቸው ውስጥ ተሰልፈው ነው መንቀጥቀጡን የተቀበሉት፤ አንድ ሕፃን እንኳ አልተጎዳም።

ኤርሚንያ ለፖሊሶቹ ምልክት ልትሰጥ ስትል ኦቲሊያ እጇን ዘረጋችና አስቆመቻት። ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ስትመታው ሞተ?»

በሕይወቷ አንቱ ሳትል ጠርታው አታውቅም። ፊደንሲዮ ጥያቄውን ሳይሆን ይህን የሰማ መሰለ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አልሞተም» አለ። «ወለሉ ላይ ተዘርሮ ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ነበር። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ከዚያ ከታች ረገጠን። ትንሽ ናት፤ እኔ ልብ አላልኩም። እሱ ግን አወቀ። ጆሮው ወለሉ ላይ ነበር።»

ኦቲሊያ ጠበቀችው።

«‹አበልጄ፣ ውጣ› አለኝ። ‹ትልቁ እየመጣ ነው፣ ግድግዳው አይችለውም፣ ቶሎ ውጣ› አለኝ።»

ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ኤርሚንያ በሥራ ዘመኗ ብዙ የእምነት ቃል ሰምታለች፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«አንተስ?» አለች ኦቲሊያ። «ምን አደረግህ?»

ፊደንሲዮ እጆቹን አየ።

«ወጣሁ» አለ።